በቀዮ ላይ እልል አይባልም

ባለፈው እሑድ የአከራዬ የእትዬ አልማዝ ልጅ የቀለበት ቀን ነበር። ግቢው በሸራ ተሸፍኖ፣ የድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ሲያደነቁረን ቆይቶ፣ የወንዱ ወገኖች ሲገቡ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ እልል አሉ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሰሐን እያጠብኩ ነበር። ሰሐኑን ጣልኩት። እጄ በሳሙና እንደተለወሰ፣ አንዱ እግሬ ጫማ ሳያደርግ፣ በሸራው ሥር ሾልኬ እስከ አጥሩ በር ሮጥኩና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋራው አንጋጥጬ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደመና የሚባል ነገር የለም። ከኋላዬ ሳቁ። «ይቺ ልጅ እልልታ በሰማች ቁጥር ቤቱ እንደተቃጠለ ትሮጣለች» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ያውም አማቾቻቸው ፊት። አላፈርኩም። በሩ ላይ ከእኔ እኩል ሮጣ የደረሰች ሌላ ሴት ባትኖር ኖሮ ምናልባት አብሬያቸው እስቅ ነበር። ስለ እሷ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ኮረብታው መናገር አለብኝ፤ ያለ ኮረብታው እኔም እሷም እብድ ነው የምንመስለው።

ኮረብታውን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። እዚህ ቆቦ የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት ነው። ዝናብ ሲመታው ይረጥብና ሽታ ያወጣል፤ የጋለ ብረት ላይ ውኃ ሲፈስ እንደሚሸተው ያለ። ያንን ሽታ የትም አውቀዋለሁ። ብሎኬቱ የተሠራው ከዚያ ኮረብታ፣ ከቀዮ፣ ቀይ አሸዋ ነው። ሌላው ሰው የተወለደበትን ቀዬ ጥሎ ይሄዳል፤ እኔ ግን በየወሩ ኪራይ እየከፈልኩ ውስጡ እተኛለሁ። አንዳንዴ በጥፍሬ ስጭረው ቀይ ዱቄት ይወርዳል። ይሄኛው ከየት በኩል የተቆረጠ ይሆን እላለሁ፤ ከተቀመጥንበት ጫፍ ወይስ ከተንሸራተትንበት ጎን?

ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም። ትዝታ ስጽፍ የሚያየኝ ሁሉ «ምን ያየሽ ሆነሽ ነው?» ይለኛል። ያየሁት አገር ከእኔ ቀድሞ ካረጀ እኔ ምን ላድርግ!

ቀዮ ከቆቦ ወደ ዋጃ ስትሄዱ በስተቀኝ፣ ከሜዳው ላይ ብቻውን ብድግ ያለ ኮረብታ ነበር። ዛፍ የለውም፤ ሣሩም ክረምት ብቻ ነው። አስተማሪያችን በጥንት ጊዜ ከመሬት ሥር እሳት ተፍቶት የተከመረ ነው ብሎን ነበር፤ ብናምነውም ባናምነውም፣ ድንጋዩን ስታነሱት ድንጋይ አይመስልም። እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ቅልል ይላል። ሴቱ ሁሉ ተረከዙን የሚፈገፍገው በእሱ ነበር። አናቱ ላይ እንደ ትልቅ ጻሕል የጎደጎደ ቦታ አለው፤ እዚያ ውስጥ ከተቀመጣችሁ ነፋስ አያገኛችሁም። የምዕራቡ ጫፍ ደግሞ ከፍ ብሎ ጋራውን ፊት ለፊት ያያል። የምንወርደው በእግር አልነበረም፤ የተቀደደ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብለን አሸዋውን እየነዳን እስከ ሥሩ እንንሸራተት ነበር። የቀሚሴ ቂጥ ሁልጊዜ ቀይ ነው። እናቴ ልብሴን በምታጥብ ጊዜ የምትረግመው ኮረብታውን እንጂ እኔን አልነበረም።

የእኛን እርሻ ለማያውቅ ሰው ልናገር። ዝናቡ የሚወርደው ምዕራብ ጋራው ላይ ነው። እኛን ሜዳው ላይ ፀሐይ እየጠበሰን፣ እዚያ ላይ ሰማዩ ይናድና ጎርፉ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እየተንከባለለ ይመጣል። ወንዶቹ ወንዙ ሆድ ውስጥ ወርደው በአፈርና በቅርንጫፍ ይከትሩታል፤ ከዚያ በቦይ ጠልፈው ወደ ማሽላው ይወስዱታል። ክትሩን ጎርፉ በመጣ ቁጥር ያፈርሰዋል፤ እነሱም እንደገና ይሠሩታል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ወንድ ከሰዓት በኋላ የሚውለው ወንዙ ውስጥ ነው። ወንዙ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ጋራው ላይ የዘነበውን አያይም። ሳይነገረው ከደረሰበት፣ አለቀ።

የሚያየው ቀዮ ላይ ያለ ነው። ያንን የምናደርገው እኛ ልጃገረዶቹ ነበርን። የቤት ሥራችንን ጨርሰን ወጥተን ጫፉ ላይ እንቀመጣለን፤ ጸጉር እንሠራራለን፣ ሰው እናማለን፣ ዓይናችን ግን ጋራው ላይ ነው። ከጋራው አፍ ላይ ቡናማ መስመር ብቅ ሲል ቀድማ ያየችው ትቆምና እልል ትላለች። ሌሎቻችን እንቀበላታለን። ታች ያሉት አካፋቸውን ይዘው ከወንዙ ይወጣሉ፤ የቦዩ ጠባቂዎች ወደየቦታቸው ይሮጣሉ። ለምን ኡኡታ እንዳልሆነ አንድ ቀን አባቴን ጠይቄው ነበር። አባቴ የአካባቢያችን የውኃ አባት ነበር፤ ውኃው ዛሬ የማን ማሳ እንደሚገባ የሚለየው እሱ ነው። «ኡኡ ብላችሁ ብትቀበሉት እኮ ያኮርፋል» አለኝ። «እንግዳ ነው። ሊያበላን ነው የመጣው።»

ሕጉ ታዲያ አንድ ነበር፤ ቀዮ ላይ ለጎርፍ ካልሆነ በቀር እልል አይባልም። ሰርገኛ በሥሩ ሲያልፍ ሙሽራዋን ይዞ ጸጥ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ከዞረ በኋላ እንደ ልቡ ይጨፍራል። አንድ ጊዜ ከሩቅ ከተማ ሙሽራ ሊወስዱ የመጡ ሰዎች «ፎቶ እንነሳ» ብለው ወጥተው እልልታውን ለቀቁት። ወንዶቹ ክትሩን እንዳለ ጥለው ከወንዙ ወጡ። ጎርፍ የለም። አባቴና ጓደኞቹ ምንም ሳይናገሩ ሚዜዎቹን ከነከረባታቸው ወንዙ ውስጥ አወረዷቸውና አካፋ አስያዟቸው። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ሆና እያየች፣ ሙሽራው ራሱ አፈር ሲያመላልስ ዋለ። ስንቱን ዓመት ሳቅንበት!

ከሁላችን የሀዋ እልልታ ይበልጥ ነበር። ሀዋ ጎረቤታችን ናት፤ እኩያዬ ናት፤ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። እኔ እልል ስል አባቴ ማታ እራት ላይ ያላግጥብኛል፤ «ዛሬ ቀዮ ላይ ድመት ተረግጣ ነበር እንዴ?» እያለ። የሀዋን ግን ይለየው ነበር። «የሀዋ እልልታ ውኃ አለበት» ይላል። «የሷን ከሰማሁ የጎረስኩትን ሳላኝክ እነሣለሁ።» ቀናሁባት እንጂ ምን አደርጋለሁ።

የፍልሰታ ማግሥት የልጃገረዶች ጨዋታ፣ ሶለል፣ የደረሰ ጊዜ ደግሞ ቀዮ የእኛ ብቻ ነው። ሀዋ ሙስሊም ናት፤ ግን ሶለልን ማን ሊያስቀራት? ወገባችን ላይ ለምለም ሣር አስረን፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰን፣ ተረከዛችንን በቀዮ ድንጋይ ፈግፍገን፣ መጀመሪያ ጻሕሉ ውስጥ ክብ ሠርተን እንጫወታለን። ያኔ እሷ ያወጣችው አንድ ነገር ነበር፣ አሁንም በአፌ ይመጣል።

ደመናው ከበደ ከወዲያ ጋራ ላይ፣
አካፋህን አንሣ አንተ የኔ ጉዳይ።

ዘፈኑን እንዘፍናለን፤ እልልታውን ግን እንውጠዋለን። እልል ለማለት የሚያሳክክ ምላስ ይዞ ዝም ማለትን የሞከረ ያውቀዋል። ከኮረብታው ወርደን መንገዱን ስንረግጥ ነው የምንለቀው፤ የዋጃ ሹፌሮች ደንግጠው ጥሩምባ ያንባርቁብን ነበር።

ያን ጊዜ ቆቦ መናኸሪያው ጥግ ላይ ዘፈን የሚጭን ልጅ ነበረ። ትንሿን የስልክ ሚሞሪ ትሰጡታላችሁ፣ በአንድ ምሳ ዋጋ እስኪጠግብ ይሞላላችኋል። አጠገቡ ፎቶ ቤት አለ፤ መጋረጃው ላይ ፏፏቴ ተሥሏል። እኔና ሀዋ የላስቲክ ጫማችንን አጥበን፣ ከቀሚሳችን ሥር ጂንስ ለብሰን፣ ሻርፕ ተዋውሰን ፏፏቴው ፊት ቆመን ተነሥተናል። ዓመት ሙሉ ውኃ የሚጠብቁ ሴቶች፣ በጨርቅ ላይ የተቀባ ውኃ አጠገብ ተደግፈው! ፎቶው አሁንም አለኝ። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ተኮሳትሬያለሁ። አሁን ፎቶ ቤቱ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል።

የኮረብታው ነገር የተበላሸው አሥረኛ ክፍል ሳለን ነው። መንገድ ሊሠራ ነው፣ ብሎኬት ሊመረት ነው፣ ለወጣቱ ሥራ ሊገኝ ነው፣ ለዚህም ቀዮ ይቆረጣል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፣ ተከራከሩ፣ በኋላም እሺ አሉ። እሺ ያሉትን አልረሳቸውም፤ ግማሾቹ ዛሬም በመንገድ ሳገኛቸው «ደህና ነሽ ልጄ?» ይሉኛል። ለምረቃው ቀን ቀዮ አናት ላይ ድንኳን ተተከለ። ለስላሳ መጣ፣ ወንበር መጣ፣ ካሜራ መጣ። እኛን ተማሪዎቹን የሶለል ልብሳችንን አስለብሰው በሰልፍ አቆሙን። ወንዶቹ ግን አብዛኞቹ አልመጡም፤ ወሩ ነሐሴ ስለነበረ ወንዙ ውስጥ ናቸው።

ማይክ የያዘው ሰውዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስሙንም አልያዝኩትም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የምጠላው ሰው ስም የለውም። ተናገረ ተናገረና መጨረሻ ላይ «እናቶች፣ እስቲ በእልልታ!» አለ።

ዝም።

«እናቶች! አልሰማችሁኝም እንዴ? እልል በሉ እንጂ!»

ዝም። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሰውዬው ወደ እንግዶቹ ዞሮ «የዚህ አገር ሴቶች ምላሳቸውን ቤት ትተው ነው የመጡት» አለና ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩ። እንቢታ መስሏቸው ነበር። የሀዋ እናት ከመሀል ተነሥታ «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ እልል አይባልም። እልል ካልን ጎርፍ መጣ ማለት ነው፤ ታች ሰዎች አሉን» አለችው። ደግ አድርጋ፣ በአክብሮት ነው የነገረችው።

«እናቴ፣ አሁን እኮ ስልክ አለ!» አላት። «ጎርፍ በስልክ ነው የሚነገረው። ልማትን የማይፈልግ ሰው ካለ ግን ይንገረን።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ሁሉንም ያስፈራችው። የሀዋ ወንድም በዚያው ሳምንት ለዚሁ ሥራ ሊቀጠር ተመዝግቦ ነበር። ሰውዬው ወደ እኛ ሰልፍ መጣና ሀዋ ፊት ቆመ። ለምን እሷን እንደመረጠ አላውቅም፤ ቆንጆ ስለነበረች ይሆናል። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ እስቲ አስጀምሪልን» ብሎ ማይኩን አፏ ላይ ደቀነባት። እናቷን አየች። እናቷ መሬት መሬት ታያለች። ወንድሟን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እልል አለች።

በማይክ ነው። ሜዳው ሁሉ ሰማው። የሌሎቹም ምላስ ተፈታ፤ ኮረብታው አናት ላይ እንደዚያ ያለ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ወንዶቹ ደረሱ። ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ሽርጣቸውን ሸብ አድርገው፣ አካፋ በትከሻቸው፣ እያለከለኩ ዳገቱን ወጡት፤ ከወንዙ ወጥተው ጋራውን ቢያዩት ባዶ ሆኖባቸው፣ ምን እንደተፈጠረ ሊያዩ ነው የመጡት። እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡላቸው! ካሜራው ዞረባቸው። በሌላ ቀን ቆቦ ሻይ ቤት በቴሌቪዥን አየሁት፤ አርሶ አደሩ በደስታ አካፋውን ይዞ ወጣ ተብሎ ነበር። አባቴ ፊት ለፊት ነው፤ አፉን ከፍቶ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው «ደስ ሲሉ!» አለ። ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ካሜራው ያላሳየውን እኔ አይቻለሁ። አባቴ ሰልፉን ሰንጥቆ ሀዋ ፊት ቆመ። አልተቆጣም። ግራ እንደገባው ሕፃን ነበር ያያት።

«ልጄ» አላት፣ «የታለ ጎርፉ?»



መጀመሪያ የተቆረጠው የምዕራቡ ጫፍ ነው፤ ለመንገዱ የቀረበው እሱ ነበር። ከዚያ ጻሕሉ ተበላ። ከዚያ በየቅዳሜው የቆቦ ሰርገኛ እየመጣ የተቆረጠውን ቀይ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ መነሣት ጀመረ፤ ለቪዲዮው እልል ይላል፣ ጫኝና አውራጅ ወንዶቹም እየቀለዱ እልል ይላሉ። ታች ያሉት መጀመሪያ መጀመሪያ ይወጡ ነበር፤ ይወጡና ይሳደባሉ። ቀስ በቀስ ተዉት። ስልክ አለ። ጋራው ላይ ያለ ዘመድ ይደውላል፣ «ዘንቧል፣ ውጡ» ይላል፣ ይወጣሉ። ልክ ነው፣ ሰውዬው አልዋሸም፤ ስልክ ይሠራ ነበር።

ሀዋ ብቻ መውጣቷን አልተወችም። ትምህርት ጨርሰን እኔ ሥራ ፍለጋ ቆቦና ሮቢት ስመላለስ፣ እሷ በየክረምቱ ከሰዓት በኋላ ከቀረው ግማሽ ኮረብታ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። የመኪና ሹፌሮቹ «ሙሽራዬ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?» ይሏታል። አባቴም ሰምቶ ነበር። «ትቀመጥ» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። የሀዋን ነገር ካነሡበት ፊቱን ያዞራል።

ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሲመጣ ስልክ ጠፋ። የጠፋው ለእኛ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ስለ ሌላ ሌላው ሲጨነቅ ስለ ጎርፍ ማን ያስባል? ክረምቱ ግን አልቀረም። ማሽላው ውኃ ይፈልጋል። አባቴና አንድ ጓደኛው ወንዙ ውስጥ ወረዱ። እኔ ቆቦ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

የሆነውን የነገረኝ አያ ሁሴን ነው፤ አብሮት ሲከትር የነበረው ሰው። ጎርፉን ሀዋ ከላይ አየችው። ቆማ እልል አለች። ነፋስም አልነበረም፤ ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። አያ ሁሴን ቀና ብሎ አባቴን «እንውጣ ይሆን?» አለው። አባቴም ቀና ብሎ አዳመጠ። «የሀዋ ናት» አለ። «ያቺ ልጅ ለሁሉም እልል ትላለች።» አካፋውን መሬት ላይ ሰካ፣ አፈሩን አነሣ። ጎርፉ ሲደርስ አያ ሁሴን ግን ሽንቱ መጥቶበት ዳሩ ላይ ወጥቶ ነበር። የተረፈው በዚያ ነው። አባቴን ያገኘነው ወንዙ ከተኛ በኋላ፣ ብዙ ወርደን ነው።

ለቅሶው ላይ ሀዋ መጥታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች። አላነጋገርኳትም። ሰው ሁሉ «ነፋስ ነበረ፣ አልሰማም» እያለ ያጽናናት ነበር። እኔ ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ከስድብ ይብሳል፤ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

እሑድ ዕለት በሩ ላይ የነበረችው እሷ ናት። ለሙስሊም እንግዶች የሚሠራውን ወጥ ልትሠራ ተጠርታ ነው የመጣችው። እጇ ላይ ጭልፋ ይዛለች፤ ወጡ በክንዷ ላይ እየፈሰሰ። ሁለታችንም ወደ ጋራው ዓይናችንን ተክለን፣ ደረታችን እየዘለለ ቆምን። ኋላችን ይስቃሉ።

«አንቺም ሮጥሽ» አለችኝ።

«እግሬ ነው የሮጠው» አልኳት።

ጭልፋውን አየችው፤ አራገፈችው። ልትመለስ መስሎኝ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለአላህ ብለሽ አትዋሺኝ» አለች። «ሰው ሁሉ ነፋስ ነበረ ይለኛል። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። ነፋስ አልነበረም። ሰምቶኝ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ደግ ሰው ይዋሻል። እኔ ግን ደግ አይደለሁም፤ መዋሸትም ሰለቸኝ፣ ያ ሰውዬ በማይክ የጀመረው ውሸት አልበቃ ብሎ።

«ሰምቶሻል» አልኳት።

«ምን አለ?»

እንዳለው ነገርኳት። አንድ ቃል አልቀነስኩም። ፊቷን እያየሁ ነው የነገርኳት፤ ሲጎዳት ለማየት ፈልጌ እንደነበር አልደብቅም። ግን ሀዋ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣

«ድምፄን ለየው ማለት ነው» አለች።

«ለየው» አልኳት።

አንድ የጭነት መኪና ቀይ አሸዋ እንደተሸከመ በበሩ አለፈ፤ አቧራው እላያችን ላይ ወረደ። እትዬ አልማዝ ከውስጥ «ኧረ በሩን ዝጉት፣ ምግቡ ላይ ገባ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሸራው ሥር ቀለበቱ ጣት ላይ ገባ መሰለኝ፣ ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ። እኔና ሀዋ ዞረን አላየናቸውም። ጋራውን ነው ያየነው።